ከቅጠሉ እስከ ዱቄቱ፦ ስለ አዲሶቹ ሰው ሠራሽ አነቃቂዎች የሚነዛው ሽብርና እውነተኛው አደጋ



ሰውን ወደ አውሬ የሚለውጥ አዲስ ዱቄት ወጣ የሚል ወሬ በየጊዜው እየተነሣ ወላጆችን ሲያስጨንቅ እናያለን። ወሬው አንድ ጊዜ በጋዜጣ፣ ሌላ ጊዜ በቴሌቪዥን፣ አሁን አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ይመጣል። የዱቄቱ ስም ይለዋወጣል፣ የተገኘበት አገርም ይለዋወጣል፤ አስፈሪነቱ ግን አንድ ነው። ወላጅ ይደነግጣል፤ መልእክቱን ለዘመድ ያስተላልፋል፤ ልጁንም ጠርቶ ያስጠነቅቃል። ልጁ ሰምቶ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ፍርሃት ይኑር ወይም መሰላቸት፣ ወይስ የሚያውቀውን ነገር መደበቅ፣ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ የትምህርት ገጻችን ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። አደጋው ፈጠራ ነው አንልም፤ አደጋ አለ። ነገር ግን የሚነዛው ሽብርና በእርግጥ ያለው አደጋ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን የማይለይ መምህርም በወጣቶች ፊት ቃሉ ክብደት ያጣል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ይህን ሁሉ በአንድነት “አደንዛዥ ዕፅ” ብለን እንጠራዋለን። ስሙ ለሐሺሽና ለኦፒየም ይስማማል። አሁን የምንናገርላቸው ግን አያደነዝዙም፤ ይልቁንም ያነቃሉ፣ ያቁነጠንጣሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ። ዕፅም አይደሉም፤ በቤተ ሙከራ የሚቀመሙ ዱቄቶችና እንክብሎች ናቸው። እንግዲህ አንድ ወጣት “አደንዛዥ ዕፅ ነው” ተብሎ የተነገረውን ነገር ቀምሶ ንቃትና ብርታት ቢሰማው፣ መምህሩ የማያውቀውን ነገር እንዳስተማረው አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ “አነቃቂ” የሚለውን ቃል መርጠናል።

እነዚህ ዱቄቶች ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ይመስሉናል። በዝምድና ግን ከወንዶ ገነት ኮረብቶች እምብዛም የራቁ አይደሉም። የጫትን ምሥጢር ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ሲፈልጉት ኖረዋል፤ በመጀመሪያ ያገኙት ካቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ነበር፤ ይሁን እንጂ የካቲን ኃይል ደካማ ስለሆነ ትኩሱ ቅጠል በሰው ላይ የሚያሳየውን ሁሉ ሊያስረዳ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ለይቶ አወጣ። የምርቃናው ዋና ምንጭ ይህ ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን መልእክት አስተላላፊዎች በብዛት እንዲፈሱ ያደርጋል፤ አሠራሩም አምፌታሚን ከተባለው የታወቀ ሰው ሠራሽ አነቃቂ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ካቲኖን ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በአንድና በሁለት ቀናት ውስጥ እየተለወጠ ወደ ደካማው ካቲን ይወርዳል። ገበሬው ቅጠሉን በኮባ የሚጠቀልለው፣ ገዢውም የደረቀውን ትቶ ትኩሱን የሚመርጠው ለዚህ ነው። አይሱዙው የጫነውን ይዞ በጠባቡ አስፋልት እንደ ቀስት የሚወነጨፈውም ለዚሁ ነው። በመንገድ ዳር የወደቀው እግረኛ ኬሚስትሪ ገደለኝ ብሎ አያስብም፤ ነገሩ ግን ከዚህ የራቀ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ስለ መጠጥና ስለ መድኃኒት አላግባብ መጠቀም ሲናገር፣ በስካርና በፍጥነት ፍቅር የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት በመንገድ ላይ ለአደጋ የሚያጋልጡትን አብሮ መጥቀሱ ለእኛ አካባቢ የተጻፈ ያስመስለዋል።

ጫት በአገራችን የትናንት ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረ ዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልበት መዛቱን ይተርካል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቅጠሉ ብዙ መቶ ዓመታት ከሰው ጋር ኖሯል፤ ሥርዓትም፣ ልማድም፣ ገበያም አብጅቷል። ዱቄቱ ግን ልማድም ሽማግሌም የለውም።

ዱቄቱ እንዴት መጣ? ኬሚስቶች የካቲኖንን ቅርጽ መሠረት አድርገው ጥቂት ጥቂቱን እየለወጡ ብዙ ተመሳሳዮችን መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሜፌድሮን የተባለው በመጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ ማንም ሳያስታውሰው ከሰባ ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ተኝቶ ኖረ። በ2003 ገደማ እንደገና ተነሥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮፓ ገበያ ተሰራጨ። ሕግ አልከለከለውም ነበርና ነጋዴዎቹ “የተክል ማዳበሪያ” ወይም “የገላ መታጠቢያ ጨው” ብለው፣ ለሰው የማይሆን መሆኑን በማሸጊያው ላይ ጽፈው፣ ለሰው ሸጡት። ከእርሱም ጋር ሜቲሎን፣ ኤም ዲ ፒ ቪ፣ አልፋ ፒ ቪ ፒ የተባሉ ወንድሞቹ ተከታተሉ። አንዱ ሲከለከል አምራቹ አንዲት ቅንጣት ለውጦ ሌላ ያመጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳይ ቢሮ ከመላው ዓለም የተመዘገቡለት አዲስ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች ከ1,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል አነቃቂዎቹ ብዙውን ቁጥር ይይዛሉ።

የሽብሩን ታሪክ ለማየት ሁለት ጉዳዮችን እናንሣ። በመጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በስካንቶርፕ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ገና አስከሬናቸው ሳይመረመር ጋዜጦቹ ገዳዩ ሜፌድሮን ነው ብለው በትልልቅ ፊደል አወጡ። ፓርላማው ተጣደፈ፤ በሚያዝያ ወር ንጥረ ነገሩ ታገደ፤ ከመንግሥቱ አማካሪ ሊቃውንት መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸውን ለቀቁ። በግንቦት መጨረሻ የምርመራው ውጤት ሲመጣ በሁለቱ ወጣቶች ሰውነት ውስጥ ሜፌድሮን አልተገኘም። ይህን ያወጡት ጋዜጦች የተጠቀሙበት ፊደል ግን ትንሽ ነበር።

ሁለተኛው በአሜሪካ ነው። በግንቦት 2012 (እ.ኤ.አ.) በማያሚ ከተማ አንድ ሰው በመንገድ ላይ የነበረ ምስኪን ሽማግሌ ላይ ወድቆ ፊቱን በጥርሱ ቦጨቀው፤ ፖሊስም ተኩሶ ገደለው። ከፖሊሶቹ ወገን አንዱ “የመታጠቢያ ጨው” የተባለው ሳይሆን አይቀርም ብሎ መገመቱ ብቻ በቃ፤ ዓለም ሁሉ ዱቄቱ ሰው በላ ያደርጋል ብሎ አመነ። ከአንድ ወር በኋላ የአስከሬን መርማሪው በሰውየው ደም ውስጥ ከማሪዋና በቀር ሌላ እንዳልተገኘ አስታወቀ። ዛሬም ቢሆን ያንን ወሬ እንደ እውነት የሚተርክ አይጠፋም፤ የመርማሪውን ቃል የሚያስታውስ ግን እምብዛም ነው።

እንዲህ ያለው ሽብር የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው? ሰው ቢፈራ ምን ይጎዳል የሚል ሊኖር ይችላል። ይጎዳል። አንደኛ፣ ያልታወቀውን ያስታውቃል፤ በእንግሊዝ አገር ዜናው በጮኸ ጊዜ ሜፌድሮንን የት እንደሚገዙ በኮምፒውተር የሚፈልጉት ሰዎች ቁጥር አብሮ ጨምሮ ታይቷል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በተማሪ ልብ ውስጥ የሚሆነው ነው። ዱቄቱን የቀመሰ ሁሉ ሰው ይበላል ተብሎ የተማረ ልጅ፣ ጓደኛው ቀምሶ ሰው ሳይበላ ሲውል ካየ፣ ስለ ልብ፣ ስለ አእምሮ፣ ስለ ሱስ የተነገረውን እውነት ከሐሰቱ ጋር አጣምሮ ይጥለዋል። ወላጅ ደግሞ ዓይኑን ወደ ሩቅ አገር አውሬ አንሥቶ ሳለ፣ በቤቱ በር ላይ የተቀመጠውን አያይም።

በሲየራ ሊዮን የሆነውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ምንም እንኳ ያኛው የሚያደነዝዝ እንጂ የሚያነቃ ባይሆንም። በዚያ አገር “ኩሽ” የተባለ የሚጨስ ነገር ወጣቱን ሲጨርስ ሕዝቡ ከመቃብር በተሰረቀ የሰው አጥንት የተቀመመ ነው ይል ነበር፤ ጋዜጦችም ይህን ደጋግመው አወሩ። መንግሥቱ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በ2025 የታተመ የቤተ ሙከራ ምርመራ ግን ከናሙናዎቹ ግማሽ ያህሉ ኒታዜን የተባሉ እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች እንደነበሩባቸው አሳየ። የአጥንቱ ተረት ሰው ሲያስፈራ፣ በጥቂት መጠን የሚገድለው እውነተኛው መርዝ ስሙ ሳይጠራ ቆየ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እውነተኛው አደጋ እንምጣ። ይህን ለማስረዳት ለእኛ እጅግ የሚቀርበው በእስራኤል የሆነው ነገር ነው። ወደዚያ አገር የገቡት የየመን አይሁድ ጫት መቃምን ከነልማዳቸው ይዘው ሄደዋል፤ ቅጠሉም በዚያ አገር ሕግ አልተከለከለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነጋዴዎች ንጹሑን ካቲኖን በእንክብል ውስጥ ጨምረው “ሐጊጋት” በሚል ስም በየሱቁ መሸጥ ጀመሩ፤ ስሙ የዕብራይስጡን “ሐጊጋ” ማለትም በዓል፣ ከ“ጋት” ማለትም ከጫት ጋር ያጣመረ ነው። አንዱ እንክብል 200 ሚሊ ግራም ካቲኖን እንደያዘ ይነገር ነበር። በዐሥር ወር ጊዜ ውስጥ 34 ሰዎች በዚህ ምክንያት ለአገሪቱ የመርዝ ሕክምና ማእከል ተመዘገቡ። ራስ ምታትና ማስመለስ የነበረባቸው አሉ፤ የደም ግፊታቸው የናረ፣ የልባቸው የደም ዝውውር የታወከ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰም ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ንጥረ ነገሩ ያው በጫት ውስጥ ያለው ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በአንድ ምርመራ 100 ግራም ትኩስ ጫት በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖን ይዞ ተገኝቷል። በዚህ ስሌት አንዱ እንክብል ከግማሽ ኪሎ በላይ ቅጠል ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ቅጠል ለመቃም መንጋጋም ሆድም ጊዜም ያስፈልጋል፤ ምሬቱና ብዛቱ ለቃሚው ልጓም ነው። እንክብሉ ግን በአንድ ጉንጭ ውኃ ይወርዳል። ጠላና አረቄን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠላ ጠጪውን ሳያሰክረው ሆዱን ይሞላዋል፤ አረቄ ግን ሆድ ሳይሞላ ራስ ላይ ይወጣል። ቅጠሉን ደኅና ነው እያልን አይደለም፤ ልጓሙ መውለቁን እያሳየን ነው።

ከካቲኖን የተሠሩት አዲሶቹ ደግሞ ከእናታቸው ይበልጥ ይከፋሉ። ኤም ዲ ፒ ቪ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች ከኮኬይን የበረታ ሆኖ ተገኝቷል። የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፤ ልብ ምቱን ያጣል፤ ሰውየው ያልነበረ ድምፅ ይሰማል፣ ያልነበረ ጠላት ያያል፤ ለቀናትም አይተኛም። ሜፌድሮንም ቢሆን በስካንቶርፕ ያልገደለ ሆኖ ይገኝ እንጂ፣ በስዊድን በ2008 (እ.ኤ.አ.) አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በእርሱ ምክንያት መሞቷ በምርመራ ተረጋግጧል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በብሮዋርድ አውራጃ አልፋ ፒ ቪ ፒ፣ በመንገድ ስሙ “ፍላካ”፣ ከመስከረም 2014 እስከ ታኅሣሥ 2015 (እ.ኤ.አ.) ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚያ ጊዜም ጋዜጦቹ ስለ “ሕያዋን ሙታን” ሲጽፉ ነበር፤ ሥራውን የሠሩት ግን በየሠፈሩ እየዞሩ መጠለያ የሌላቸውን ያስተማሩ ሰዎችና፣ አምራች ፋብሪካዎቹ የነበሩባት ቻይና በጥቅምት 2015 በአንድ ጊዜ 116 ንጥረ ነገሮችን ማገዷ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ በፍጥነት ወረደ።

ሌላው አደጋ በማሸጊያው ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ገዢውም አለማወቃቸው ነው። ትናንት በአንድ ስም የተሸጠው ዛሬ በዚያው ስም ሌላ ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል። በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት በነበሩ አገሮች፣ በተለይ በላትቪያ፣ በዩክሬንና በጆርጂያ፣ በየቤቱ የሚሠራ የካቲኖን ዘመድ የወሰዱ ወጣቶች ቀስ በቀስ መራመድና መናገር አቅቷቸው ታይቷል፤ የጎዳቸው አነቃቂው ራሱ ሳይሆን በአሠራሩ ወቅት የቀረበት ማንጋኒዝ የተባለ ብረት ነበር። አነቃቂውን ያቆሙት እንኳ ብዙዎቹ አልዳኑም።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቁ ነው። እኛ ያለነው በሐዋሳ ነው። በሐዋሳ ጫት ተራ ስንቆም የምናገኘው ዱቄት አይደለም፤ ከወንዶ የመጣ፣ በኮባ የተጠቀለለ እስር ነው። በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አግኝቷል፤ ከቃሚዎቹም ብዙዎቹ ለጸሎት ልብን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በመላው አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶ ወንዶች 27ቱ፣ ከመቶ ሴቶች 12ቱ ቅመው እንደሚያውቁ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2006 ቅጠሉን መርምረው ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲጣልበት አልመከሩም፤ ይህንንም ሳንደብቅ ልንናገር ይገባል። ሆኖም ቁጥጥር አያስፈልገውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በየመንና በአምስት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከ7 ሺህ በላይ የልብ ሕሙማንን ተከታትሎ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ቃሚዎቹ በሆስፒታል ሳሉ የመሞት ዕድላቸው ከማይቅሙት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በአገራችንም በተወሰዱ የጫት ናሙናዎች ላይ የዲዲቲና የሌሎች ፀረ ተባዮች ቅሪት ተገኝቷል፤ ቃሚ ደግሞ ቅጠሉን አጥቦ ቢቅም እንኳ ታጥቦ የማይለቅ አለ።

የሚያሳስበን ግን ከቅጠሉ ይልቅ በቅጠሉ ዙሪያ የበቀለው ሕይወት ነው። ተማሪው ለፈተና ሊያነብ በርጫ ይቀመጣል፤ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ እንቅልፍ እንዲመጣለት ለጨብሲ ቢራ ወይም አረቄ ይጨምራል፤ ንጋት ላይ ሐራራው ይቀሰቅሰዋል። ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ልብ ላይ ማፈራረቁን ማንም አይነግረውም። ሺሻውም አለ፤ እርሱ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ቢሆንም። ያቋረጠውን ቃሚ በሌሊት የሚያስጨንቀውን ዱካክ እንደ ጋኔን የሚቆጥሩ ምእመናን አሉ፤ ይህ ግን አእምሮ የለመደውን ሲያጣ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ በቀናትም ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጠበል ብቻ ሳይሆን ወደ ሐኪምም መውሰድ ይገባል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አንድ ሌላ እውነት አለ፤ ከእኛው ምእመናን መካከል ጫት አብቃዮችና ነጋዴዎች አሉ። በወንዶ ገነትና በአካባቢው እንሰትና ቡና የነበረበት ጓሮ ጫት ሆኗል፤ ምክንያቱም ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቀጠፋል፣ ጥሬ ገንዘብም ያመጣል። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሐኪም ዋጋ ከዚያ ይወጣል። እንሰት ግን በድርቅ ዓመት ከመሬት ውስጥ ጠብቆ ቤተሰብ ያበላል፤ ጫት ካልተሸጠ አይበላም። ካቴኪስቱ በመንበረ ታቦቱ አጠገብ ቆሞ ጫትን ቢረግም፣ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ገበሬ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያዋጣው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ያውቃልና፣ ዝቅ ብሎ ይስቃል ወይም ያዝናል። መርገም ቀላል ነው፤ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ማሳው ማሰብ ግን ከባድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ዕፆቹ ያላት ትምህርት ግልጽ ነው። ከላይ በጠቀስነው መጽሐፍ በቁጥር 2291 ለሕክምና ካልሆነ በቀር እነዚህን መውሰድ ከባድ በደል መሆኑን፣ በስውር ማምረትና መነገድም እጅግ የከፋ መሆኑን ትናገራለች። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በሰኔ 2014 (እ.ኤ.አ.) በሮም ለተሰበሰቡ የፀረ ዕፅ ባለሥልጣናት ሲናገሩ፣ ዕፅን በዕፅ ማሸነፍ እንደማይቻል፣ ይልቁንም ወጣቱ ሥራና ትምህርት እንደሚያስፈልገው አስገንዝበው ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህን ወገን ነው። ያው መጽሐፍ ግን ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር፣ በቁጥር 2477፣ በቂ መሠረት ሳይኖር የሌላውን በደል እንደ እውነት መቀበልን የችኮላ ፍርድ ይለዋል። የማያሚውን ሰው ዓለም ሁሉ እንደዚያ ፈረደበት። በእጅ ስልካችን ያለ ምንጭና ያለ ቀን የመጣውን የሽብር መልእክት ለሃምሳ ሰው ስናስተላልፍ፣ ልጆችን እያዳንን እንደሆነ እናስባለን፤ አምስተኛውን ትእዛዝ ለመጠበቅ ስምንተኛውን እንደምንጥስ ግን ልብ አንልም።

ለመምህራን በተግባር የሚጠቅመውን እንጨምር። ወጣቱ ስለ አንድ አዲስ ስም ሲጠይቃችሁ፣ የማታውቁት ከሆነ አላውቀውም በሉ። ከዚያም አብራችሁ ጠይቁ፤ ማን አየው? የትኛው ሐኪም መረመረው? ስንት ቀን ሆነው? መልእክቱ ፎቶግራፍ ካለው ፎቶግራፉ የየት አገር ነው? አንድ ሰው የማይታወቅ ነገር ወስዶ ሲርገበገብ፣ ሰውነቱ ሲግል፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ደረቱን ሲይዝ ብታዩ፣ መጮኽና መታገል ይብሰዋል፤ ወደ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ስፍራ ውሰዱት፣ ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት። አብረውት የነበሩትም ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ። ልጆች ጓደኛቸውን ጥለው የሚሸሹት ፖሊስን ወይም አባትን ፈርተው ነው፤ ይህን ፍርሃት አስቀድሞ ማንሣት የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለ ሕጉም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች በዚህ ይሳሳታሉና። በአገራችን ቅጠሉ አልተከለከለም። ካቲኖን ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 525 የተከለከሉ አደንዛዥና አነቃቂ ነገሮችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወይም ዕቃ የሚልክ ምእመን ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ኔዘርላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በሰኔ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጫትን አግደዋል፤ በእንግሊዝ የመንግሥቱ አማካሪዎች እንዳይታገድ መክረው ነበር፣ ሆኖም ታገደ። በአሜሪካ ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመድቧል። “ገራባ” ብለን የምንንቀው የደረቀ ቅጠል እንኳ፣ ሻይ ወይም ሂና ተብሎ በፖስታ ሲላክ በአሜሪካ ጉምሩክ ይያዛል፤ ካቲኑም በዚያ አገር ሕግ ቁጥጥር ሥር ነውና። “ለእኅቴ ይህችን ትንሽ ቅመም አድርስልኝ” የተባለን ጥቅል ሳይፈቱ መቀበል ጨዋነት አይደለም።

በሚቀጥሉት የቁምስና ስብሰባዎች ለውይይት እነዚህን ታነሡ ዘንድ እንጠይቃለን። በዚህ ወር ስለ ዕፅ ወይም ስለ ሌላ አደጋ በስልካችን ከደረሱን መልእክቶች መካከል ምንጩን ያጣራነው ስንቱን ነው? በሠፈራችን ለተማሪ ማታ ክፍት ሆኖ የሚያነብበት፣ መብራትና ወንበር ያለው ቦታ ከጫት ቤት በቀር አለን? በቁምስናችን ጫት ያለበት ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች ምን ያህል ናቸው፤ ከእነርሱስ መካከል አንድ ጥማድ መሬት ወደ እንሰትና ቡና መመለስ የሚሹ፣ ግን ሦስትና አራት ዓመት ያለ ገቢ መቆየት የሚያስፈራቸው እነማን ናቸው?